ዝም ሲሉ የእሱ ተራ

ሶፋ የሚያድሰውን ሰውዬ በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። "ሳንሱር" ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ፎቶ አንሺው ነው፤ ሰውዬው የማይከለክለው፣ የማይቆርጠው፣ የማይፈርድበት ነገር የለም ብሎ። ሳንሱርም ስሙን አልጠላውም። ማዕረግ እንደተሰጠው ሰው ትከሻውን አስፍቶ ተቀበለው።

በቴሌቪዥን ላይ ያለው አቋም የታወቀ ነበር። በድራማ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሻይ ይቀዳላቸዋል እንጂ አይጠጡትም፤ ይህ ያንገበግበዋል። "አንዴ እንኳን ፉት ሳይሉለት ብድግ ይላሉ። ያ ሁሉ ሻይ የት ነው የሚደፋው?" ይላል ምስማር በከንፈሩ እንደያዘ። በድራማ ቤት በር የሚያንኳኳ የለም። ሥራ የሚሄድም የለም፤ ቢሄድ እንኳ ለማልቀስ ነው የሚሄደው። ሶፋው ደግሞ ሁሌም ነጭ ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ምስማሩን ከአፉ ያወጣዋል፤ ሙያው ተነክቷላ። ነጭ ሶፋ ያለበት ቤት ወይ ልጅ የለበትም፣ ወይ ሻይ የለበትም፣ ወይ ሰው የለበትም ባይ ነው። "ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ስፖንጁ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። በተቀመጡበት ቁጥር እንደ ኳስ ሲያነጥራቸው አይታችኋል?"

የዘፈን ውድድር ዳኞችን አይወድም፤ ከተወዳዳሪው በላይ ያለቅሳሉ። ዝናብ ላይ ቆመው የሚዘፍኑትን አይወድም፤ ጉንፋን የማያውቀው ሰው ፍቅርንም አያውቅም ይላል። በማስታወቂያ ሳሙና ይዛ የምትስቀው ሴትዮ በሕይወቷ መሐረብ አጥባ እንደማታውቅ በጣቶቿ አይቶ ፈርዶባታል።

ፍርዱ ከቴሌቪዥን አልፎ ጓዳ ይገባል። ከረሜላ የሚነክስ ሰው ትዕግሥት ስለሌለው ልጅ አይዳርለትም። ለስላሳ ከፕላስቲክ ጠርሙስ መጠጣት ከቧንቧ ከመጠጣት አይሻልም። ቸኮሌት ተደብቀው የሚበሉት እንጂ ለእንግዳ የሚያቀርቡት ነገር አይደለም። ብስኩትን በተመለከተ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሻይ ውስጥ ነክሮ ማውጣት አለ፣ ነክሮ ማሰብ የለም። የሚያስብ ሰው ብስኩቱን ያጣዋል።

ከሁሉ የከፋው ፍርድ ግን የወረደው በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በኛ ቋንቋ ድምፅ የተሰጠው፣ መጨረሻ የሌለው የሚመስል ድራማ ነው። ፎቶ አንሺው ነፍሱን ይሰጥለታል። ጠዋት ጠዋት የሱቁን በር ሳይከፍት መጥቶ፣ ሌሊቱን ሲጨነቅ እንዳደረ ሰው ስለ ልጅቷና ስለ ዶክተሩ ያወራል።

"ቤት አፍራሽ ነው" ይለዋል ሳንሱር። "የሰው ትዳር ሲፈርስ ለማየት ትዳርህን ጥለህ ትቀመጣለህ።"

"አይተኸው ታውቃለህ?"

"እኔ? እኔ ምን በወጣኝ።"

"ታዲያ አክስቷ መጥፎ ሰው መሆኗን በምን አወቅህ? ትናንት ነው እኮ የታወቀው።"

"ከሰው ሰምቼ" ይላል ሳንሱር፣ መዶሻውን አንስቶ የማያስፈልግ ምስማር እየመታ።

እውነቱ ግን ወዲህ ነበር። ሳንሱር ያን ድራማ አንድም ምሽት አምልጦት አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በሚስቱ ነው። ሚስቱ ለሚያድሳቸው ሶፋዎች ልብስ ትሰፋ ነበር። እሱ እንጨቱንና ስፖንጁን፣ እሷ ጨርቁን። ከዚያ ዓይኗ ቀስ በቀስ ፈዘዘ። መጀመሪያ ክር በመርፌ ማስገባት አቃታት፤ ቀጥሎ ሰማያዊውን ከጥቁሩ መለየት፤ በመጨረሻ እሱን ከበሩ መለየት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ስፌቱን ስትተው አላለቀሰችም። የቀረላት ማታ ማታ የምትሰማው ድራማ ብቻ ነበርና እሱን አጥብቃ ያዘች። ሳንሱርም ከሶፋው ወዲያኛው ጫፍ ተቀምጦ ይጨቀጨቃል፤ ይህ የማይረባ ነገር ነው፣ ዝጊው፣ ራሴን አመመኝ ይላል።

አንድ ምሽት በድራማው ውስጥ ያሉት ሰዎች ድንገት ዝም አሉ።

"ምን ሆኑ? ለምን ዝም አሉ?" አለችው።

"እየተያዩ ነው።"

"እንዴት ነው የሚተያዩት?"

"እንደ ሰው ነዋ።"

"እንደ የትኛው ሰው?"

ሳንሱር ራሱን ከሶፋው ላይ ቀና አድርጎ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየ። "እሷ ልትናገር ብላ ትታዋለች" አለ። "እሱ ደግሞ ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል። የሚሄድ መስሏታል። የሚሄድ አይመስለኝም እኔ፤ ጫማውን አላሰረም።"

ሚስቱ ፈገግ አለች። "እንዲህ ነው እንጂ" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ሕግ ወጣ። ሰዎቹ ሲያወሩ ጊዜው የእሷ ነው፤ ሳንሱር ትንፍሽ አይልም። ዝም ሲሉ የእሱ ተራ ነው። ማን እንደገባ፣ ምን እንደለበሰ፣ በማን ጀርባ ማን ዓይኑን እንደጠቀሰ ይነግራታል። በድራማ ውስጥ ከወሬው ይልቅ ዝምታው እንደሚበዛ ያወቀውም ያኔ ነው። ድምፁን ዝቅ ነበር የሚያደርጉት፤ የእሷ ጆሮ የሰላ ነውና የእሱ ወሬ እንዳይሸፈን። ልጆቹ ማታ ከመጡ ግን ወደ ግቢው ይወጣል። "የእናታችሁ ነገር ነው፣ እኔ የለሁበትም" ይላል።

ታማኝ ተራኪ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ስለ አክስትየው የሚናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ስለ ልጅቷም ቢሆን እምብዛም አይጨምርም። ዶክተሩ ላይ ግን ዋሸ። ዶክተሩ ገና አፉን ሲከፍት የሚስቱ ፊት እንደ መብራት ቦግ ይል ነበርና፣ ምን እንደሚመስል በጠየቀችው ጊዜ ሳንሱርን ሳያስበው ምላሱ ቀደመው።

"አጭር ነው" አላት። "ከበር እጀታ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ጆሮው ሰፋ፣ ሰፋ ያለ ነው።"

"ድምፁ እንዲህ እያማረ?"

"ድምፁ የሌላ ሰው ነው። የኛዎቹ ናቸው እኮ የሚያስገቡለት።"

ውሸት እንደ ሶፋ ነው፤ አንዱን ጎን ካነሱ ሌላውን ጎን የሚይዝ ያስፈልጋል። ዶክተሩ ልጅቷን ተሸክሞ ደረጃ በወጣ ቀን ሳንሱርን ላብ አጠመቀው። "ወንድሟ በእግሯ በኩል ይዞለታል" ብሎ ተወጣው። ሴቶች ሁሉ ዞረው ባዩት ቀን "ሱሪው በጎን ተቀድዷል" አላት። ምስኪን ሚስቱ ለዚያ ሰው ከልቧ ታዝን ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ሞተች። ብዙ አልታመመችም። ስለ መጨረሻው ሳምንት ሰው ሲጠይቀው "ደህና ሰነበተች" ነው የሚለው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይጨምርም። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍነውት ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላም ሳንሱር ጨርቁን አላነሳውም። ፎቶ አንሺውም ሰው ነውና፣ ጠዋት ሲመጣ ስለ ድራማው ማውራት ተወ።

ከዚያ አንድ ምሽት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጨርቁን አነሳና ከፈተው። በራሱ ጫፍ ተቀመጠ። ሰዎቹ ሲያወሩ ደህና ነበር። ዝም ሲሉ ግን ዝምታው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ልጅቷ በመስኮት ታያለች፤ ምን እንደምታይ የሚጠይቅ የለም። ሳንሱር ጉሮሮውን ጠረገ። "መስኮቱ ጋ ቆማለች" አለ። "መጋረጃውን ይዛ።"

ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለለት።

ሚስቱ መሞቷን ከማንም በላይ ያውቃል፤ አፈር ያለበሳት እሱ ነው። ትሰማኛለች ብሎም አይደለም። ተራው ሲደርስ ዝም ማለት አቃተው፣ ነገሩ ይኸው ነው። በማግስቱም ተናገረ፣ በሳልስቱም። ቀን የሰውን ሶፋ ሲበጥስና ሲገጥም ይውላል፣ ማታ ያን ግማሽ ሰዓት ይናገራል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የወሰደው በዚያ መንገድ ብቻ ነበር።

ሴት ልጁ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ምሽት ከሥራ ስትወጣ ሾርባ በዕቃ አድርጋ ሳትነግረው መጣች። በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ የአባቷን ድምፅ ሰማች። እንግዳ አለ ብላ በመስኮቱ ጥግ አየት አደረገች። ቴሌቪዥኑ በመስኮቱ በኩል ጀርባውን ሰጥቶ ስለቆመ አይታያትም፤ የዝናቡ ድምፅ ደግሞ የቀረውን ሸፍኖታል። የታያት አባቷ ብቻ ነው። ወደ ባዶው የሶፋ ጫፍ ዘንበል ብሎ በዝግታ ያወራል።

"ይቺ ሴትዮ ደግሞ ተመልሳ መጣች" ይላል። "ጥቁር ለብሳለች። በጀርባ በር ነው የገባችው፤ ማንም አላያትም። ቢላዋ ይዛለች።" ከዚያ "አይዞሽ፣ አትፍሪ" አለ።

ልጅቷ ሾርባውን እንደያዘች ተመለሰች።

በማግስቱ መጥታ ነገር ሳትጀምር መጠየቅ ጀመረች። ዛሬ ቀኑ ማን እንደሆነ፣ ትናንት ምን እንደበላ፣ የልጅ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደገባ። ሳንሱር ሁሉንም በትክክል መለሰና "መንጃ ፈቃድ ልታወጪልኝ ነው?" አላት። እሷ አልሳቀችም። ወደ ፎቶ አንሺው ጎራ ብላ አባቷ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ፎቶ አንሺው በቅንነት "ስድቡ ቀንሷል" አላት። "ሰሞኑን አንድ ዘፋኝ በካልሲ ብቻ ሆኖ ዘፍኖ እንኳን ዝም ነው ያለው።" ልጅቷ ይህን እንደ ክፉ የምርመራ ውጤት ተቀበለችው። ሩቅ አገር ላለው ወንድሟ ደወለች፤ ተማከሩ፤ ወሰኑ።

እሑድ ከሰዓት መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"አባዬ" አለችው፣ "ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

ሳንሱር ከእናትሽ ጋር ቢል ታለቅሳለች። ከድራማ ጋር ቢል ዕድሜውን ሙሉ የሰጠው ፍርድ ሁሉ ይገለበጣል፤ ወሬው ሳይመሽ ፎቶ አንሺው ዘንድ ይደርሳል፤ እሱም ሱቁን ዘግቶ ይስቃል። ደግሞም ነገሩ ሲናገሩት ትንሽ ነው። አንድ ሽማግሌ በድራማ ምክንያት ቤቴን አልለቅም ይላል?

"ከማንም ጋር" አለ።

"ሰምቼሃለሁ እኮ።"

"እንግዲያው ሰምተሻል።"

ልጅቷ እጁን ያዘች። ብቻውን መሆኑ እንደጎዳው፣ ክፍል እንዳዘጋጀችለት፣ ባሏ ደስተኛ እንደሆነ፣ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ቆልፈው እሷ ዘንድ እንደሚገባ ነገረችው። ወደ ሶፋ ማደሻ ሱቁ ጠዋት ጠዋት ባሏ በመኪና ያደርሰዋል፤ ማታ ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት አየ። እናቷን ከቀበረች ገና ነው፤ አሁን ደግሞ የአባቷን አእምሮ ልትቀብር የተዘጋጀች ትመስላለች። አባት ደግሞ የልጁን ፍርሃት ሲያይ ሌላ ነገር ሁሉ ይጠፋበታል።

"እሺ" አላት።

እሺ ማለት ቀላል ነው። የልጁን ቤት ያውቀዋል። ጥሩ ቤት ነው፤ ብርሃን አለው፤ አማቹም ክፉ ሰው አይደለም። ግን ያ ድራማ በሚጀምርበት ሰዓት በዚያ ቤት ኳስ ነው ያለው። የሰው ቴሌቪዥን የሰው ነው፤ አዙረው አይባልም። ቢባልስ? ልጁ፣ አማቹና የልጅ ልጁ በተቀመጡበት ጮክ ብሎ "ጥቁር ለብሳለች" ሊል ነው? ሳንሱር ለቤቱ ግድግዳ አልሳሳም። የሳሳው ለዚያ ግማሽ ሰዓት ነው። እሱ ከቀረ ለሚስቱ የሚነግራት ነገር አይኖረውም።

ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው፤ ልጁ መስኮቱ ሥር ቆማ እንደሆነ በየመሐሉ ጆሮውን ያቆማል። ምግብ አልበላ አለው። አንድ ጠዋት ፎቶ አንሺው ሻይ ይዞ መጥቶ ሲያየው የሳንሱር ብስኩት ሻዩ ውስጥ ሰጥሞ ብርጭቆው ግርጌ ተኝቷል።

"ነክረህ አሰብክ?" አለው ፎቶ አንሺው፣ ደንግጦ።

ሳንሱር ብርጭቆውን አየና ደፋው። 

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ልጅቷ ወደ ማምሻው ላይ ካርቶንና አሮጌ ጋዜጣ ይዛ መጣች። ባሏ በኋላ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ጓዳው ከሳሎኑ ጋር የሚገናኘው በር በሌለው መተላለፊያ ነው፤ ልጅቷ እዚያው መሬት ላይ ጀርባዋን ለሳሎኑ ሰጥታ የእናቷን ሳህኖች አንድ በአንድ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። ሳንሱር የቁም ሳጥኑን መሳቢያ እንዲያራግፍ ታዞ ነበር። አንድ ካልሲ ያወጣል፣ ሰዓቱን ያያል፤ ካልሲውን ይመልሳል፣ ሰዓቱን ያያል።

የዚያን ቀን ምሽት ቀላል ምሽት አልነበረም። ባለፈው የዶክተሩ መኪና ገደል ገብታለች። በድራማው ያለችው ልጅ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ነው ክፍሉ ያለቀው። ሳንሱር ያን ሰውዬ ያን ያህል ጊዜ ሲያማው ኖሮ፣ ሰሞኑን ባይሞት እያለ ለመጸለይ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሰዓቱ ሲደርስ አላስቻለውም። "ዜና ልስማ" አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተው።

"ስማ" አለች ልጁ ከጓዳ። ትንሽ ቆይታ "ዜናው ሙዚቃ አለው እንዴ?" አለች።

ሳንሱር ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያዘ። ሰዎቹ አወሩ። ነርሷ አወራች፤ አክስትየው አወራች፤ ልጅቷ "እባካችሁ አሳዩኝ" አለች። ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። ሳንሱር ከንፈሩን ነከሰ።

ልጁ እጇ በሳህን እንደተያዘ፣ ዞራ ሳታይ፣ "ምን ሆኑ?" አለች። "ለምን ዝም አሉ?"

እናቷ የጠየቀችው በዚሁ ቃል ነበር። ልጅቷ ይህን አታውቅም። ሳንሱር ግን የያዘውን መያዝ አልቻለም።

"በሩን ከፍታ ገባች" አለ። "ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። አልጋው ላይ ሰው አለ፤ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ልትቀርበው ፈርታለች። አክስትየው ከኋላ ቆማለች፣ ያው እንደ ልማዷ ጥቁር ለብሳ። የእጅ ቦርሳዋን እየዘጋች እየከፈተች ነው። ይሙትልኝ እያለች ነው ይቺ። አሁን ልጅቷ እጁን ያዘችው። ጣቱ... ቆይ። ጣቱ ተነቃነቀ።"

በጓዳ በኩል የጋዜጣው ድምፅ ቆመ።

"አባዬ" አለች ልጁ። ድምፅዋ ተለውጧል። አንድ ሳህን እንደያዘች ተነሥታ መተላለፊያው ላይ ቆመች። መጀመሪያ ወደ አባቷ፣ ቀጥላ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ ወደ ባዶው የሶፋ ጫፍ አየች። "ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ... በጀርባ በር የገባችው... ቢላዋ የያዘችው..."

"አክስቷ ናት" አለ ሳንሱር። "ብርቱካን ልትቆርጥ ነበር።"

ልጅቷ ሳህኑን ደረቷ ላይ እንደያዘች በመተላለፊያው ግድግዳ ተንሸራትታ ቁጭ አለች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሳንሱር መለየት አቃተው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "ብርቱካን" አለች። "እኔ ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ..."

"እናትሽ ስለማይታያት እነግራት ነበር" አለ ሳንሱር ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ። "ዝም ሲሉ ዝም ሲሉ። ከዚያ... መተው አቃተኝ። እንደሞተች አውቃለሁ፤ አላበድኩም።"

"ታዲያ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? የድራማ ጠላት መሆኔን አገር ያውቃል።"

"እብድ መባል ይሻልሃል?"

ሳንሱር ትንሽ አሰበ። "ለእብድ ሰው ያዝንለታል" አለ። "በእኔ ግን ፎቶ አንሺው ይስቃል።"

ልጅቷ አሁን በእርግጥ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ ያን ሳቅ አልሰማውም ነበር። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀና ስትል ነርሷ የዶክተሩን ፋሻ ፈታ ጨርሳለች። ስክሪኑን የሞላው ፊት፣ ገደል ገብቶ የወጣ ሰው ፊት ነው ለማለት ያስቸግራል።

"ይሄ ደግሞ ማን ነው?" አለች።

"ዶክተሩ" አለ ሳንሱር፣ ድምፁ እየቀነሰ።

"የቱ ዶክተር? እማዬ 'እግዜር ድምፅ ሰጥቶ መልክ የነሳው' የምትለው? ያ ጆሮ ሰፊው?" ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብ አለች። ዶክተሩ ከአልጋው ቀና ብሎ ነበር፤ እግሩ ከአልጋው ጫፍ አልፎ ይታያል። "አጭሩ?"

ሳንሱር የሶፋውን ጠርዝ ስፌት በጥፍሩ መፈተሽ ጀመረ። ስፌቱ የሚስቱ ነው፤ ምንም አልሆነም። "ካሜራው ነው" አለ። "ካሜራ ያስረዝማል።"

"አባዬ።"



"ሲናገር ስትሰማው ፊቷ ይበራ ነበር" አለ በመጨረሻ።

ልጅቷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አደረገች። በቴሌቪዥኑም ውስጥ ዝም ብለዋል። ሳንሱር ከጎኑ ሰው እያለ መናገር አለበት ወይስ የለበትም ግራ ገባው፤ ልጁ ታያለች እኮ። ልጅቷ ግን ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን የሶፋው መደገፊያ ላይ አሳርፋ ነበር።

"እጇን ጉንጩ ላይ አደረገች" አለ ሳንሱር በቀስታ። "እሱም ዓይኑን ከደነ። አክስትየው ወጥታ ሄደች።"

የዕለቱ ክፍል እስኪያልቅ እንዲህ ሆነው ቆዩ። ሲያልቅ ልጅቷ ስልኳን አንሥታ ለባሏ ደወለች። መኪናውን እንዳያመጣ ነገረችው። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ምን እንደተባለ አይሰማም፤ እሷ ግን "አልታመመም" አለች። "አይ፣ ምንም አልሆነም። ድራማ እያየ ነው።" ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ወደ አባቷ ዞረችና "ለፎቶ አንሺው አልናገርም" አለችው።

ሳንሱር በረዥሙ ተነፈሰ። ወሩን ሙሉ የያዘው ትንፋሽ ይመስል ነበር። ከዚያ ሆዱ ጮኸ፤ ሁለቱም ሰሙት። ልጅቷ ይዛ የመጣችውን ሩዝ አሞቀችለት። ሳንሱር እንደ ሠራተኛ በላ፤ ድጋሚም ጠየቀ፤ ጨው አንሶታል ብሎም ፈረደ። ልጁ ይህን ፍርድ ስትሰማ ልቧ ቦታው ገባ።

በልቶ ሲጨርስ ካርቶኑን ወደ ሳሎን ጎተቱትና የጠቀለለችውን መፍታት ጀመሩ። የጋዜጣው ቀለም ሳህኖቹ ላይ ስለተጋባ ሳንሱር እጅጌውን ሰብስቦ ያጥባል፣ እሷ ተቀብላ ታደርቃለች፣ መደርደሪያው ላይ ትመልሳለች።

"እኛ ቤት በዚያ ሰዓት ኳስ ነው" አለች። "እኔ ማየት አልችልም። ሲያልቅ ትደውልልኝና ትነግረኛለህ። ካልደወልክ ግን መኪናውን ይዤ እመጣለሁ።"

"እደውላለሁ።"

"አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ። ማን ማን እንደሆነ አላውቅም።"

ሳንሱር እጁን ከውሃው አላወጣም። "መጀመሪያ ልጅቷ ከገጠር ትመጣለች" ብሎ ጀመረ። "በባቡር። ሻንጣዋ አዲስ ነው፤ ደሃ ናት ይሉናል፣ ሻንጣዋ ግን አዲስ ነው፣ እሱን ያኔውም ተናግሬአለሁ። ጣቢያው ላይ የሚቀበላት ሰው የለም። ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች። ከዚያ ዶክተሩ ይመጣል።"

እዚህ ላይ አንድ ሳህን ከሚገባው በላይ አሸት አሸት አደረገ። ልጁ ፎጣዋን ይዛ ጠበቀችው።

"ረጅም ነው" አለ ሳንሱር፣ ሳህኑን እያቀበላት።